ጋሽ ታደሰን ለማናገር ከደሴ ካዛንቺስ

ከደሴ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወይ ሊነግድ ነው ወይ ሊታከም። እኔ የሄድኩት ላክም ነው፤ ስናገረው ለራሴም ያስቀኛል። ሥራዬ የንግግር ሕክምና ነው። ይህን ስል ሰው ሁሉ «የጉሮሮ ሐኪም ነሽ?» ይለኛል። አይደለሁም። የሚንተባተብ ልጅ፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ተወልዶ የተሰፋለት ሕፃን፣ ስትሮክ መትቶት ቃል የጠፋበት አዛውንት እኔ ጋ ይመጣሉ፤ አብረን ቁጭ ብለን ቃል እንፈልጋለን። በቃ ሥራዬ ይኸው ነው።

አዲስ አበባ ለባቡሩ ሐዲድ ከዳር እስከ ዳር ተቆፍራ በነበረበት ዓመት፣ በጥቅምት፣ የወንድሜ ልጅ ቢኒያም ደወለልኝ። ቢኒያም ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ የኮምፒውተር ድርጅት ውስጥ ይሠራል። «አክስቴ፣ በናትሽ ድረሺልኝ» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰላም የምትባል የካዛንቺስ ልጅ ሊያገባ ነው፤ እሑድ ሽማግሌ ይልካል። ለሽማግሌ መልስ የሚሰጠው አባት ነው፤ የሰላም አባት ጋሽ ታደሰ ግን በክረምቱ ስትሮክ መትቷቸው መናገር አቅቷቸዋል። አጎቷ አቶ ግርማ «እኔ በወንድሜ ፋንታ እመልሳለሁ» ብለዋል። ሰላም ደግሞ «አባቴ በሕይወት እያለ በሌላ ሰው አፍ አልዳርም» ብላ እግሯን ተክላለች።

«ማለቴ አንድ ቃል ናት እኮ አክስቴ» አለኝ ቢኒያም። «'ሰጥቻለሁ' ካሉልኝ በቃ።»

አንድ ቃል! ሥራዬን የማያውቅ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው። አዲስ አበባ የሙያ ጓደኞች አሉኝ፤ የእነሱ ወረፋ ግን ወራት ይፈጃል፣ እሑድ ደግሞ ማንንም አትጠብቅም። ፈቃድ ጠይቄ ሻንጣዬን አነሳሁ።

ማክሰኞ

ገና ጎህ ሳይቀድ ደሴ መናኸሪያ ነበርኩ። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ አስፋልቱ ላይ ተኝቷል፤ የአውቶቡሱ ረዳት በስልኩ መብራት ትኬት ያያል። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ከኮምቦልቻ ጀምሮ ትከሻዬ ላይ ተኙ፤ ከሚሴን ስናልፍ እኔም እሳቸው ላይ ተኛሁ። ስነቃ ሸዋ ሮቢት ደርሰናል፤ ሙቀቱ ሹራቤን አስወለቀኝ። ለምሳ የገባንበት ቤት ጥብሱ እንደ ጎማ ነው። ከእሱ ጋር ስታገል ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋና ግማሹን ትቼ ሮጥኩ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛሁ። የጣርማበርን ዋሻ ስናልፍ ሴትዮዋ ነቅተው አማተቡ። ደብረ ብርሃን ላይ ያወለቅሁትን ሹራብ መልሼ ለበስኩ። የደሴ ሰው ብርድ ያውቃል፤ የደብረ ብርሃኑ ግን ሌላ ነው።

ላምበረት ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ከዚያ መገናኛ፣ ከመገናኛ ደግሞ «ካዛንቺስ በሃያ ሁለት! ካዛንቺስ በሃያ ሁለት!» የሚል ታክሲ ያዝኩ። ደሴ ቢሆን ታክሲ ውስጥ ገብቼ እስክወርድ ከጎኔ ካለው ሰው ጋር ዘመድ እንቆጥራለን። እዚህ ሁሉም ስልኩን ነው የሚያየው። ማንም «ከየት ነሽ?» ሳይለኝ ኡራኤል ደረስኩ። ደረስኩ ማለትም ይከብዳል፤ መንገዱ ተቆፍሮ ስለነበር ወያላው «ከዚህ በላይ አያስኬድም፣ ውረዱ!» ብሎ አራገፈን።

ኮረቱ ላይ ጥቂት እንደተራመድኩ የጫማዬ ተረከዝ ተገነጠለ። ሻንጣ በአንድ እጅ፣ ጫማ በሌላው ይዤ ስገተር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር የተቀመጡ ጫማ ሰፊ ጠሩኝ። የራሳቸውን ነጠላ ጫማ አውልቀው አስረከቡኝና እሳቸው በካልሲ ሆነው ይሰፉልኝ ጀመር። «ከየት ነሽ የኔ ልጅ?» አሉኝ። ተመስገን! ያልጠየቁኝን ሁሉ ጨምሬ ነገርኳቸው። ሲጨርሱ ዕቃቸውን ለጎረቤታቸው አደራ ብለው፣ ጉድጓዱ ላይ በተጋደመው ሳንቃ እጄን ይዘው አሻገሩኝ። በኋላ ሰው ስለ አዲስ አበባ ክፉ ሲያወራ እኚህ ሰውዬ ናቸው ትዝ የሚሉኝ።

ቢኒያም ካዛንቺስ ውስጥ ፔንሲዮን ይዞልኛል። ሰላም ቤት እንዳላርፍ ሥርዓቱ አይፈቅድም፤ ሽማግሌ ሳይገባ የወንድ ወገን በሴቷ ቤት አያድርም። ከፔንሲዮኑ ሥር ያለው ጭፈራ ቤት ግን ዕረፍት የሚባል ነገር አያውቅም። ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ወትፌ ተኛሁ። እኛ ጋ በዚያ ሰዓት የሚጮኸው ጅብ ነው፤ እሱ እንኳ ጮሆ ይሄዳል።

ረቡዕ

ካዛንቺስን ላላየ ሰው፦ ከፊት መስታወት የለበሰ ሆቴል አለ፣ ከሆቴሉ ጀርባ ጣሪያው በድንጋይ የተያዘ የቆርቆሮ ቤት። ሁለቱ አጥር ይጋራሉ። ቢኒያም በሆቴሉ ጎን በምትገባ ቀጭን የኮብልስቶን መንገድ ይዞኝ ወርዶ ሰማያዊ በር አንኳኳ። የከፈቱልን የጋሽ ታደሰ ባለቤት እትዬ አስካለ ናቸው። ቢኒያም አንገቱን ደፍቶ ሰላምታ ሰጠና ወደ ሥራው ጠፋ፤ እስከ እሑድ ገብቶ መቀመጥ አይችልም።

እትዬ አስካለ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አሁን አንቺን ምን ብለን እንቀበልሽ? የወንድ ወገን ነሽ ወይስ ሐኪም?»

«ሐኪም እንኳ አይደለሁም፣ ግን…»

«ሐኪም ነሽ» ብለው ወሰኑ። «እስከ ቅዳሜ ሐኪም ነሽ። እሑድ የወንድ ወገን ትሆኛለሽ። ሐኪም ደግሞ ፔንሲዮን አያድርም፤ ሻንጣሽን አስመጪ።»

ጋሽ ታደሰ ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። ግዙፍ ሰው ናቸው፤ ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ዝም ብሎ ተኝቷል። ድሮ በአሰብ መንገድ ተሳቢ መኪና ይነዱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እስኪታመሙ ድረስ እዚያው ሰፈር ጋራዥ ውስጥ ሠርተዋል። ሳሎኑ በጠያቂ ተሞልቷል። ብርቱካን የያዘ አለ፣ ጠበል የያዘ አለ። ከሁሉም ፊት የተቀመጡት ታናሽ ወንድማቸው አቶ ግርማ ናቸው፤ የእድር ሊቀመንበር ስለሆኑ ድምፃቸው ያለ ማይክሮፎን ሦስት ግቢ ይሰማል።

«እንደምን አደሩ ጋሽ ታደሰ?» አልኳቸው።

አፋቸውን ከፈቱ። «እ…» አሉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን ሊል ነው» አሉ እትዬ አስካለ።

«ደህና ነኝ፣ ትንሽ እጄን ነው እንጂ፣ ነው የሚለው» አሉ አቶ ግርማ።

«ውሃ ጠምቶት ይሆናል» አለች አንዲት ጎረቤት፤ ውሃም መጣ። ጋሽ ታደሰ አፋቸውን ዘጉ። ውሃውንም አልነኩት።

ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሆነ። እሳቸው የቃሉን ጫፍ ሲይዙ አንዱ ፈጥኖ ቃሉን ያቀብላቸዋል። በክፋት አይደለም። ታላቅ ሰው ቃል አጥቶ ሲጨነቅ እያዩ ዝም ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ዕቃ ከእጁ ሲወድቅ ቆሞ እንደማየት ነው። በዚህስ ደሴም ካዛንቺስም አንድ ነን። የእኔንም አባት በመጨረሻ ዘመኑ እንዲሁ ቃል ስናቀብለው ነበር፤ ያኔ ይህን ሙያ አላውቀውም።

ከሰዓት በኋላ ጠያቂው ሳሳ ሲል ለልጆች የምጠቀምባቸውን የሥዕል ካርዶች አወጣሁ። ጋሽ ታደሰ ድመቷን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። በግራ እጃቸው ካርዱን ገፍተው «ዞር በል!» አሉ፤ ጥርት ብሎ፣ በሾፌር ድምፅ።

ቤቱ ተናወጠ። «ተናገረ! ተናገረ!» እትዬ አስካለ እልል አሉ። ደስታቸውን ማደብዘዝ ከበደኝ፤ ግን ማስረዳት ነበረብኝ። ሰው ዕድሜ ልኩን ሲለው የኖረው ነገር፣ ሰላምታ፣ ስድብ፣ ቁጥር፣ በሽታው ሳይነካው ይቀራል፤ ሳያስበው ያመልጠዋል። አስቦ የሚናገረው ነው የሚጠፋው። ሰላም ከሥራ ስትመጣ ይህን ነገርኳት። ቀጭን፣ ፈጣን ልጅ ናት፤ ወዲያው ገባት።

«'እሺ'ም እንደዚያ ነዋ» አለችኝና ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ ሻይ ትፈልጋለህ?»

«እሺ።»

«አትፈልግም አይደል?»

«እሺ።»

ተመለከተችኝ። «አየሽ? አጎቴ 'እሑድ እሺ ካለ ይበቃል' ይላል። እሺማ ለቆራሌውም ይላል። እኔ የምፈልገው አስቦ እንዲናገር ነው። እምቢ ቢልም እንኳ እሱ ይበለው።»

ማታ ሽሮ በላን። ውሃ ጠፍቶ ስለነበር ከበርሜል በጣሳ ታጠብን። ደሴም ውሃ ይጠፋል፤ እንግዳ ሲመጣ አይጠፋብንም ብዬ ዋሸሁ።

ሐሙስ

ጠዋት ቤተሰቡን ሰብስቤ ሕግ አወጣሁ፦ ማንም ለጋሽ ታደሰ ቃል አያቀብልም።

«ሲጨነቅ እያየሁ ዝም ልል ነው?» አሉ እትዬ አስካለ። «ምነው እንዲህ ጨካኝ ሆንሽ?»

«ዝምታ ሕክምና ከሆነማ» አሉ አቶ ግርማ፣ «እኛ እድር ስብሰባ ላይ ብዙ ሐኪም አለን።»

«ቃሉ አልጠፋባቸውም» አልኳቸው። «ውስጥ አለ፤ በሩ ነው የጠበበው። እሳቸው በር ላይ ሲደርሱ እናንተ ቀድማችሁ ትዘጉባቸዋላችሁ።»

አቶ ግርማ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አፋቸው ግን ልማድ አለበት። ከደብረ ሲና የገዛሁትን ቆሎ በሳህን አቀረብኩላቸውና «ቃል ሲመጣብዎት ይሄን ይቆርጥሙ» አልኳቸው። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እስከ ምሳ ሳህኑ ባዶ ሆነ።

ከምሳ በኋላ መብራት ሄደ። ቴሌቪዥኑ ዝም አለ፣ ከግቢው ማዶ ያለው ወፍጮም ዝም አለ። ካርዶቹን ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼ ነበር፤ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ዝም ብዬ ማውራት ጀመርኩ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ማክሰኞ በእርስዎ መንገድ ነው የመጣሁት» አልኳቸው። «ከደሴ ወርደን ኮምቦልቻ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ከኮምቦልቻ ከሚሴ። ከከሚሴ ሸዋ ሮቢት።»

ፊታቸው ተለወጠ። ግራ ጣታቸውን አነሱ። «አ…» አሉ። እትዬ አስካለ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። የአቶ ግርማ ሳህን ባዶ ነው፤ ጥርሳቸውን ነክሰው መሬት መሬት ያያሉ። «አ… አጣ…» ጋሽ ታደሰ ላብ አጠመቃቸው። «አጣዬ!»

አጣዬ! እውነት ነው፤ ሴትዮዋ ላይ ተኝቼ ነው ያለፍኩት። ይህንኑ ስነግራቸው ሳቁ፤ አፋቸው ወደ አንድ ወገን እየተጎተተ፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ። ከዚያ መንገዱን አብረን ሄድነው። እኔ አንድ ከተማ፣ እሳቸው አንድ ከተማ። አንዳንዱ ቶሎ ይመጣል፣ አንዳንዱ ላይ መብራት መጥቶ ተመልሶ እስኪሄድ ጠበቅን። አዲስ አበባ ከደረስን በኋላ ራሳቸው ወደ ኋላ መለሱኝና ከኮምቦልቻ በሌላኛው መንገድ ይዘውኝ ወረዱ። «ባ…ቲ» አሉ። «ሚሌ።» በመጨረሻ «አሰብ» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ማንም ምንም አላቀበላቸውም። እኔም እንባዬ መጣ፤ ሙያ ምናምን ብዬ ልደብቀው አልሞከርኩም።

ዓርብ

ከተማ በመስመር የተሰካ ነው፤ አንዱ ሌላውን ይጎትታል። «ሰጥቻለሁ» ግን የሚጎትተው የለውም፣ ብቻውን ነው ተቆፍሮ የሚወጣው። ጠዋቱን ሁሉ ቆፈርን። «ልጄን» እላለሁ፣ እጠብቃለሁ። «ሰ…» ይላሉ፣ ይጠፋል። «ሰጥቻለሁ» ረዘመባቸው፤ «ሰጠሁ» ይሻላል ብዬ አሳጠርኩት። እኩለ ቀን ሊሆን ሲል «ልጄን» አልኩ፤ ሰላም ለምሳ ገና ከበር እየገባች ነበር፤ እሳቸው እሷን እያዩ «ሰ…ጠሁ» አሉ። ሰላም ቦርሳዋን እንደያዘች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ከሰዓት ቢኒያም ኦሎምፒያ ቡና ጋበዘኝ። ካፌው ውስጥ ሰው ሁሉ ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው፤ ጆሮዬ ሳላዘው የሚንተባተበውን የሚኮላተፈውን ይለቅማል፣ የሥራ በሽታ ነው። ቢኒያም ቡናውን ሳይቀምስ ያማስላል።

«ታዲያ ይሉታል?»

«ዛሬ ብለውታል። እሑድ አላውቅም።»

«አክስቴ፣ ደግሞ ቴንሽን አትልቀቂብኝ። ፎርማሊቲ እኮ ነው፣ ሁሉም ተስማምቷል። በቃ ሽማግሌ ገባ፣ ሰጠን፣ ዶሮ ተበላ፣ አለቀ።»

በእኔ ጊዜ ሽማግሌ አንድ ቀን ተልኮ በዚያው ቀን እሺ ተብሎ አይመለስም ነበር። አሁን ሁሉም በስልክ ያልቃል፤ ሽማግሌው የሚመጣው ምሳ ሊበላ ነው።

ቅዳሜ

ቅዳሜ ምንም አልመጣም። «ሰጠሁ» የለም፣ አጣዬ የለም፣ «እ» እንኳ በስንት ጭንቅ። ይህ በሥራዬ የተለመደ ነው፤ ጭንቅላት እንደ እግር ይደክማል፣ ትናንት ብዙ የሄደ ዛሬ ያነክሳል። ይህን ለእኔ ማወቅ ቀላል ነው። እሳቸው ግን ትናንት የነበረው ቃል ዛሬ እንደሌለ ሲያዩ በጣም ተናደዱ። «ዞር በል!» አሉኝ፤ በዚህኛውስ ሳያስቡ ያመለጣቸው አይመስለኝም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

አቶ ግርማ በረንዳ ላይ ጠሩኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ሰማሁት። «እህቴ፣ ልፋትሽን አይተናል፤ ከልብ እናመሰግናለን። ነገ ግን እኔ እናገራለሁ። እኔን ያሳደገኝ እሱ ነው። ሰው ፊት አፉን ከፍቶ ሲቀር ማየት አልችልም።»

ሰላም ከውስጥ ሰማችው። «እንግዲያው ሽማግሌዎቹ ይቅሩ!» ብላ ወጣች። እትዬ አስካለ «ዶሮው ታርዶ?» አሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲጮህ ከሳሎን ጠረጴዛ ሲደበደብ ሰማን። ሮጠን ገባን። ጋሽ ታደሰ በግራ መዳፋቸው ጠረጴዛውን መቱ፣ ቀጥሎ የራሳቸውን ደረት መቱ። አቶ ግርማን እያዩ እንደገና ደረታቸውን መቱ።

«እሺ ጋሼ» አሉ አቶ ግርማ። «እሺ። አንተ።»

እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። እኔ ባልመጣ ኖሮ አቶ ግርማ አሳምረው ይመልሱ ነበር፣ ዶሮው ይበላ ነበር፣ ማንም አይዋረድም ነበር። ማታ እራት ላይ እንጀራውን ዝም ብዬ እቆራርሳለሁ። እትዬ አስካለ አዩኝና «ብዪ፣ ነገ የወንድ ወገን ስትሆኚ ማንም አያጎርስሽም» ብለው አጎረሱኝ።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ሳሎኑ ተወልውሎ፣ ወንበር ከጎረቤት መጣ። እኔ የት እንደምቀመጥ ክርክር ተነሣ። ሳሎን እንዳልቀመጥ የሴቷ ወገን አይደለሁም፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር እንዳልመጣ ሰንብቼ የበላሁት እዚህ ነው። አቶ ግርማ ፈረዱ፦ ከሰላም ጋር ጓዳ፣ ከመጋረጃው ጀርባ። ስለዚህ የሚቀጥለውን አላየሁትም፤ የሰማሁትን ነው የምጽፈው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፦ አንድ ቄስ፣ የቢኒያም አለቃና ከደሴ የመጡ አንድ ዘመዳችን። ቢኒያም ራሱ ኡራኤል አጠገብ አንድ ካፌ ቁጭ ብሎ ስልኩ ላይ ያፈጣል። «ተቀመጡ» ተባሉ። «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ቄሱ። ስለ ልጁ ጨዋነት፣ ስለ ቤተሰቡ፣ እስከ ቅድመ አያቶቻችን ተነገረ፤ የማላውቀውን ዘመድ ሁሉ ያን ቀን አወቅሁ። በመጨረሻ «ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን፣ ቤተ ዘመድ እንድንሆን ለመለመን ቆመናል» አሉ።

ዝም።

ሰላም ክንዴን ያዘችኝ። «አ…» የሚል ድምፅ ሰማን፤ ጠፋ። ውጭ ቆራሌው እየጮኸ አለፈ። ድምፁ ራቀ፣ ጭራሽ ጠፋ፣ ሳሎኑ አሁንም ዝም ነው። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። የሰላም ጥፍር ቆዳዬ ውስጥ ገባ። «አባዬ» አለች በሹክሹክታ፤ አፏን በእጄ ከደንኩት።

«ጋሽ ታደሰ ደክሟቸው ይሆናል» አሉ ቄሱ በትሕትና። «አቶ ግርማ፣ እርስዎ ይንገሩን እንጂ።»

ወለሉ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ አቶ ግርማ ተነሥተዋል። አለቀ፣ አልኩ በልቤ።

«ቆዩ አባቴ» አሉ አቶ ግርማ። «ወንድሜ እየተናገረ ነው።»

አንድ ቃል ያልወጣውን ሰው ነው እየተናገረ ነው ያሉት። ይህን ሙያ ስማር አስተማሪዎቼ ያስረዱኝን ሁሉ እኚህ ሰው በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሱት። ሽማግሌዎቹም ጠበቁ። የጋሽ ታደሰ ከባድ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

«ሂ…» አሉ። «ሂዱ።» ትንፋሻቸውን ሳቡ። «ተ…መለሱ።»

«ምን አሉ?» አለ የቢኒያም አለቃ።

«ሂዱ» አሉ ጋሽ ታደሰ፤ አሁን ጥርት አለ። «ተመለሱ።»

ቄሱ ከት ብለው ሳቁ። «እውነታቸውን ነው! የሴት አባት በአንድ ቀን እሺ ይላል እንዴ? እንሄዳለን፣ እንመለሳለን» አሉ። አቶ ግርማ የሚመለሱበትን ቀን ቆረጡላቸው፤ በሩ ተከፈተ፣ ሽማግሌዎቹ ዶሮውን ሳይቀምሱ ወጡ።

ሳምንቱን ሙሉ የለፋነው በአንድ ቃል ነው፤ «ተመለሱ»ን አንድም ቀን ከአፌ አላወጣሁትም። ሰላምን ዞሬ አየኋት፤ ታለቅሳለች ብዬ። ታለቅሳለችም፤ ግን እየሳቀች ነው።

«ድሮም እንዲህ ነው!» አለች። «ለትምህርት ቤት ሽርሽር እንኳ ሳምንት ሳያስለምነኝ እሺ ብሎኝ አያውቅም! አባዬ ነው! ራሱ ነው!» መጋረጃውን ገልጣ ሮጠች። እትዬ አስካለ በበኩላቸው «እኔን ሲያጭ አባቴ ደጅ ያስጠኑትን ብድር ነው የሚወጣው» እያሉ ዶሮውን ለጎረቤት ያከፋፍላሉ። ጋሽ ታደሰ ሶፋቸው ላይ ተደግፈዋል፤ ፊታቸው ሩቅ መንገድ ነድቶ እንደገባ ሰው ደክሟል። አቶ ግርማ ከአጠገባቸው ተቀምጠው ላባቸውን ይጠርጉላቸዋል።

ሰኞ

ቢኒያም ላምበረት ሸኘኝ። በተቆፈረው መንገድ ታክሲው ሲንፏቀቅ እሱም አፉን አልዘጋም። «አክስቴ፣ አንድ ቃል እኮ ነበር! አንድ! አንቺ ለማን ነው የሠራሽው?»

«እስከ ቅዳሜ ሐኪም ነበርኩ» አልኩት።

እትዬ አስካለ የተረፈውን ዶሮ በእንጀራ ጠቅልለው ሰጥተውኝ ነበር። ደብረ ብርሃን ሳንደርስ ከጎኔ ካለ አንድ የደሴ ነጋዴ ጋር ጨረስነው፤ በዚያውም ዘመድ ቆጠርን። ደሴ ስገባ ካፊያ ነበር። ቤቴ ውሃ ጠፍቷል።

ሽማግሌዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ በሄዱ ማግሥት፣ ቢኒያም ምን እንደተባሉ ገና ሳይነግረኝ፣ ሆስፒታል ሥራ ላይ ነበርኩ። ከፊቴ አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች፣ በር ላይ ወረፋ አለ። ስልኬ ጮኸ፤ የሰላም ቁጥር ነው። «ሀሎ» አልኩ።

መልስ የለም። «ሀሎ?» ልል አፌን ስከፍት አንድ የማውቀው ከባድ ትንፋሽ ሰማሁ። አፌን ዘጋሁ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ «ተቋርጧል፣ ዝጊው፤ ሰው እየጠበቀ ነው» አለችኝ። በእጄ ዝም አሰኘኋት። በሩ ተንኳኳ፤ አልመለስኩም። እዚያ ማዶ፣ ካዛንቺስ፣ ያ ሁሉ ሰው በሚሞላው ሳሎን ውስጥ፣ አንድም ሰው ከጀርባቸው አይናገርም።

«ሰ…ጠሁ» አሉ ጋሽ ታደሰ።

እልል ማለት አማረኝ። ግን ትንፋሻቸው አላለቀም፤ ጠበቅሁ።

«ነይ» አሉኝ።